የሻምበሉ አበልጅ

ሸዋረጋ በሩን ተደግፋ ባሏ አልጋ ሲያነጥፍ ታየዋለች። ሻምበል ዳኛው ሰባን የተሻገረ ሰው ነው፤ ከተጋቡ ጀምሮ አንሶላ ሲነካ አይታው አታውቅም። ዛሬ ግን ልጃቸው ዝማሬ ሳታገባ ትተኛበት የነበረውን አልጋ ወለወለ፤ ፍራሹን ገለበጠ፤ ከቁም ሣጥኑ አዲሱን አንሶላ አወጣና ጠርዙን ወጥሮ ከፍራሹ ሥር ወሸቀ። ወታደር ቤት የተማረው አነጣጠፍ ነው።

«ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ አንጥፈህልኝ ታውቃለህ?» አለችው።

«አንቺ መቼ ዓይንሽን ታመምሽ?»

«ልታመምልህ?»

ዳኛው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

የምትመጣው እንግዳ ወርቅውሃ ናት፣ የአምባ ጊዮርጊሷ። ዓይኗ ላይ ሞራ ተጋርዶባት፣ ሆስፒታል በነርስነት የምትሠራው ዝማሬ ለቀዶ ጥገና ቀጠሮ አስይዛላታለች። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ደግሞ እስኪያያት ከተማ መቆየት አለባት። አንድ ልጇ ታከለ በሹፌርነት ሁመራና ባሕር ዳር ሲመላለስ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ማረፊያዋ የአበልጇ ቤት ሆነ። ታከለን ክርስትና ያነሳው ዳኛው ነዋ።

«አበልጄ መንገዱ ክፍት ከሆነ ከምሳ በፊት ትደርሳለች» አለ ዳኛው፣ ትራሱን እየደበደበ።

አበልጄ። በዚያ ቤት ከሚነገረው ቃል ሁሉ ሸዋረጋን እንደዚህ የሚያቃጥላት የለም። በኖረችበት ትዳር ሁሉ አንድ ጥያቄ በሆዷ ይዛ ቆይታለች። ባሏ እሷን ያገባት ወርቅውሃን ማግባት ስለማይችል ይሆን?

ዳኛውን አዘዞ ላይ የማያውቀው የለም። የሚያውቁት ግን መኪና መንዳት በማስተማሩ ነው። ከከተማው ሾፌሮች ብዙዎቹ በእሱ እጅ አልፈዋል፤ ሲገናኙ ድምፁን እያስመሰሉ ይሳለቁበታል። «መስታወት! መስታወት እይ! ከኋላህ ያለውን የማታይ ከሆነ ውረድልኝ!» ይሉታል። እሱም ይስቃል። ጠዋት የመንገደኛው አውሮፕላን በጣሪያቸው ላይ ሲያልፍ ቀና ብሎ ያይና «ዛሬ ዘገየ» ወይም «ዛሬ ቸኮለ» ይላል። ተዋጊ አውሮፕላን ያበርር እንደነበረ ለተማሪዎቹ የሚነግራቸው ሌላ ሰው ነው።

አየር ኃይል የገባው ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተመርጦ ነው። ደብረ ዘይት ሲደርስ ከዚያው ከጎንደር የመጣ ሌላ ልጅ አገኘ፤ ሙሉቀን ይባላል፣ የአምባ ጊዮርጊስ ገበሬ ልጅ። ሁለቱም ምግቡንም፣ አውሮፕላኑንም፣ አስተማሪውንም «ሸጋ ነው» ስለሚሉ ጓደኞቻቸው «ሸጋዎቹ» ብለው ጠሯቸው። ስሙ እስከ ጦርነቱ ተከተላቸው።

በስልሳ ዘጠኝ ክረምት የምሥራቁ ጦርነት ሲነሳ ሸጋዎቹ ድሬዳዋ ወረዱ። ተዋጊ አውሮፕላን ለብቻው አይበርም። ጥንድ ሆነው ይነሳሉ፤ አንዱ ይመራል፣ ሌላው ከኋላና ከጎን ሆኖ የመሪውን ጭራ ይጠብቃል። መሪው ዓይኑን ከታች ካለው ዒላማ ላይ ሲያሳርፍ ከኋላው የሚመጣውን የሚያይለት ጓደኛው ነው። ሁለቱ ተራ እየገቡ አንድ ቀን አንዱ፣ አንድ ቀን ሌላው ይመራ ነበር። ፀሐይ ላይ የቆመው አውሮፕላን ውስጡ እንደ ምጣድ ስለሚግል፣ መቀመጫው ላይ እርጥብ ፎጣ ጣል አድርገው ይገባሉ። ቦምባቸውን ጥለው ይመለሳሉ፣ ነዳጅና ጥይት ይሞላላቸዋል፣ ደግሞ ይነሳሉ። በመሃል ክንፉ ጥላ ሥር ይተኛሉ። ሲተኙ ሙሉቀን ስለ ሚስቱ ያወራል። እርጉዝ ነበረች።

አንድ ቀን መሪው ዳኛው ነበር። ከጅጅጋ ወዲያ በአቧራማ መንገድ ላይ የሚጓዝ የመድፍ ሰልፍ አገኙና ወረዱበት። የመጀመሪያውን ምልልስ ጨርሰው ሲወጡ ሙሉቀን በሬዲዮ «ነዳጅህ ስንት ቀረህ?» አለው። ዳኛው ነገረው። መልስ አልመጣም። ደግሞ ጠራው። ዞር ሲል ከኮረብታው ጎን ጥቁር ጭስ አየ፤ የመውረጃ ጃንጥላ ግን አላየም። ነዳጁ መመለሻ ብቻ እስኪቀረው ድረስ ከላይ ዞረና ብቻውን አረፈ። በማግስቱ ከሌላ ሰው ጋር ተጣምሮ በረረ፤ ጦርነት ነው። ስለዚያ ቀን ሸዋረጋ የምታውቀው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። «የኔን ጭራ ሲጠብቅ የእሱን የጠበቀለት የለም» ይላታል፤ ከዚያ ወዲያ አይናገርም።

ሸዋረጋ ያን ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ጦርነቱ ከመጀመሩ በፊት በቤተሰብ ሽምግልና ለዳኛው ታጭታ፣ ቀለበት አስሮላት፣ የጥር ሠርጓን ትጠብቅ ነበር። በኅዳር ወር የሠፈር ልጆች እየሮጡ መጡ።

«ሸዋ! እጮኛሽ በዕቃ ጫኝ አውሮፕላን አዘዞ ወርዷል!»

ፀጉሯን ተሠራች። ነጭ ቀሚሷን ለበሰች። ያን ቀን አልመጣም። በማግስቱም አልመጣም። ከአምባ ጊዮርጊስ ገብስ ጭኖ የመጣ ነጋዴ ግን አባቷ ግቢ እህሉን እያራገፈ «ያ አብራሪ አማቻችሁ እኛ አገር ክርስትና ሲያነሳ አየሁት፤ እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው!» አለ። አክስቷ ሰምታ «ሚስት ሳያገባ ልጅ ጀመረ በሉኛ» ብላ ሳቀች። ሳቁ ለዓመታት ከሸዋረጋ ጆሮ አልወጣም።

በሦስተኛው ቀን ዳኛው በሩ ላይ ቆመ። የጦር መኪና ሞተሩን ሳያጠፋ ከኋላው ይጠብቀዋል። ዩኒፎርሙ በአቧራ ነጥቷል፤ ትከሻው ላይ የሕፃን ምራቅ ደርቋል።

«ደህና ነሽ?»

«ደህና ነኝ። አትገባም?»

«ጊዜ የለኝም። እመለሳለሁ።»

ተመለሰም። ጦርነቱ ባለቀ በዓመቱ በጥር ተጋቡ። ሸዋረጋ ግን ነገሩን በልቧ ደጋግማ ሸመነችው። ጓደኛው ሞተ፤ በሐዘኑ ትኩሳት ሮጦ ሄዶ ልጁን ክርስትና አነሳ። ከዚያ በየጊዜው እየሄደ ሲያያት ሴትዮዋን ወደዳት። ግን አበልጅ ከአበልጁ አይጋባም፤ ቤተ ክርስቲያንም አገርም አይፈቅድም። በገዛ እጁ በሩን ዘግቷል። ሲቆጨው ቀለበት ወዳሰረላት ወደ እሷ ተመለሰ። ለሸዋረጋ ከዘመድ አንድም ሰው የነገራት ነገር የለም፤ ይህን ሁሉ የሠራችው ራሷ ናት። ግን ሲውል ሲያድር በዓይኗ ያየችው ያህል ሆነባት።

ምክንያትም አላጣችም። ዳኛው በየዓመቱ ሙሉቀን በሞተበት ሰሞን አምባ ጊዮርጊስ ይሄዳል። ለልጁ ልብስ፣ ለእናቱ ነጠላ ይዞ ይሄዳል፤ ነጠላውን የሚመርጠው ራሱ ነው። በሰማንያ ሦስት ሠራዊቱ ሲበተን፣ እሱም ደመወዙንና ማዕረጉን አጥቶ ቤት ሲገባ፣ በተበደረው መኪና ማስተማር ጀመረ፤ ጉዞውን ግን አላቋረጠም። በዘጠና ደግሞ በሰሜን ጦርነት ሲነሳ ለቀድሞ አብራሪዎች ጥሪ መጣ። ዳኛው ሻንጣውን ሳያዘጋጅ፣ ለሚስቱም በወጉ ሳይነግራት፣ መጀመሪያ የሄደው አምባ ጊዮርጊስ ነው።

«ልትሰናበታት ሄድክ?» አለችው ሲመለስ።

«ታከለን ላነጋግረው ነው። ልዝመት እያለ ነበር። እኔ ስሄድ እሱ ይቀራል አልኩት።»

«ልጅ ሰበብ ነው።»

ዳኛው ሸሚዞቹን አጠፈ። ሁለት ዓመት ያህል አገልግሎ፣ ወጣቶቹን እያስተማረ አብሯቸው እየበረረ፣ ሽበት ይዞ ተመለሰ። እሷ ስትጸልይለት ከርማለች። እየጸለየችም፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ሌላ ሴት ስለ እሱ እየጸለየች ይሆን እያለች ትብሰለሰል ነበር።

አሁን ያቺ ሴት መጥታ በዝማሬ አልጋ ላይ ተኛች።

ወርቅውሃ ቀጭን፣ ረጅም፣ ነገሯ ቀጥተኛ ሴት ናት። አንድ ዓይኗ ተሠርቶ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፤ ሌላው ገና ተራውን ይጠብቃል። ሸዋረጋ እንግዳዋን በወጉ ተቀብላለች፤ ምግቡ አልጎደለም፤ ፊቷ ግን ተከርችሟል። ዳኛው እንግዳዋን በክንዷ ይዞ ወደ በረንዳ ሲያወጣት፣ «ደረጃ አለ አበልጄ፣ እግርሽን አንሺ» ሲላት፣ ሸዋረጋ ጓዳ ገብታ ሳህኖቹን ታንኳኳለች።

«እማዬ» አለቻት ዝማሬ፣ ከሥራ ስትመለስ ጎራ ብላ፣ «የስድሳ ሰባት ዓመት አሮጊት፣ ዓይኗ የታሰረ። ምን ልታደርግብሽ ነው?»

«አንቺ አታውቂም።»

«አባዬም እኮ ያለ መነጽር ማንኪያና ሹካ አይለይም።»

«ሂጂ ወደ ቤትሽ!»

ጥቂት ቀን አለፈ። አንድ ረፋድ ዳኛው ተማሪ ሊያስነዳ ወጣ። ሁለቱ ሴቶች በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ተቀመጡ። ሸዋረጋ ምስር ትለቅማለች። ወርቅውሃ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልሆነላትም፤ እጇን ወደ ሰፌዱ ሰደደችና በዳሰሳ መልቀም ጀመረች።

«ተይው፤ ድንጋዩን እያስቀረሽ ምስሩን ነው የጣልሽው» አለች ሸዋረጋ።

«ዶሮ ይለቅመዋል።»

«ዶሮ የለንም።»

«ምነው፣ ይህን የሚያህል ግቢ ይዛችሁ?»

ሸዋረጋ ሰፌዱን ጭኗ ላይ አደላደለች። ከዚህ የተሻለ ቀን እንደማታገኝ ታወቃት።

«ወርቅውሃ።»

«እመት።»

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የምትዋሺኝ ከሆነ ግን አሁኑኑ ንገሪኝ፤ ይቅርብኝ።»

«ዕድሜዬ ለውሸት ይበቃል? ጠይቂኝ።»

«ባሌን ትወጂው ነበር?»

ወርቅውሃ ከምስሩ ላይ እጇን አነሳች። ያልታሰረው ዓይኗ በጉም ውስጥ እንደሚፈልግ ሆኖ ሸዋረጋን ፈለገ።

«እወደው ነበር» አለች።

«እንዲህ ፊት ለፊት ትነግሪኛለሽ?»

«አትዋሺኝ አልሽ።»

ሸዋረጋ የቀረውን መጠየቅ ፈራች፤ ግን አንደበቷ ቀደማት። «እሱስ?»

«እሱማ!» አለች ወርቅውሃ። «እሱማ ክርስትና አነሳብኝ።»

ሸዋረጋ አልገባትም። ወርቅውሃ ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ እንደ ገበያ ወሬ በእርጋታ ነገረቻት። ዳኛው የሙሉቀንን ልብስና ባርኔጣ ይዞ የደረሰው ሕፃኑ ክርስትና ሊነሳ በዋዜማው ነው። ሬሳ ስላልመጣ ለቀስተኛው ልብሱን መሃል አስቀምጦ እንደ አዲስ አለቀሰ። ሲያበቃ ወርቅውሃ ዳኛውን ጓዳ ጠርታ ባሏ ሲሞት ምን እንዳለ ጠየቀችው።

«ሌላ ሰው ቢሆን ‹ስምሽን ጠርቶ ነው የሞተ› ይለኝ ነበር። መቼም ሰው እንዲያ ነው የሚያጽናና። እሱ አቀረቀረና ‹ነዳጅህ ስንት ቀረህ ነው ያለኝ› አለኝ። ‹ሌላስ?› ብለው ‹ሌላ የለም› አለኝ። እንባው በአፍንጫው እየወረደ። ያን ጊዜ ነው የወደድኩት። አትፍረጂብኝ፤ አራስ ነበርኩ፤ ሐዘንተኛ ነበርኩ፤ ሃያ ዓመቴ ነበር።»

«ለእኔ ይህን ነግሮኝ አያውቅም» አለች ሸዋረጋ ቀስ ብላ።

«አማቴ አያ እንኳየሁ ደግሞ ማምሻውን አስቀመጡት። እኔ ከግድግዳው ወዲያ ልጄን ታቅፌ እሰማለሁ። ‹ልጄን ሰማይ በላብኝ። ወንድሙ አንተ ነህ። መሬቱም አለ፣ ሚስቱም አለች፣ ልጁም አለ፤ ቤቱን ያዝልኝ› አሉት። እኔ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እሺ በል፣ እሺ በል እያልኩ ነበር በሆዴ።»

«ከክርስትናው በፊት ነው ይህ?»

«ታዲያስ! ክርስትናውንማ ሊያነሳ የተዘጋጀው የባሌ አጎት ነበር፤ ቆቡንም ማተቡንም ገዝቶ። ዳኛው ጨነቀው። ልጁ የሞተበት አባት ፊት እምቢ አይባል። ‹ቀለበት አስሬያለሁ› ቢል እንኳ ሽማግሌ ልከው ያስፈቱታል፤ አያ እንኳየሁን አታውቂያቸውም። በመጨረሻ ‹አባቴ፣ ፈቃድዎ ከሆነ ሕፃኑን ክርስትና እኔ ላንሳው› አላቸው። ሽማግሌው ወዲያው ገባቸው። እኔም ገባኝ። አበልጄ ከሆነ ማን ተመልሶ ምን ሊል? በማግስቱ ከጥምቀቱ ሲቀበለው ልጄ አልነበረም የሚያለቅስ፣ እኔ ነበርኩ። ሰዉ ለባሏ ነው አለ።»

ሸዋረጋ የምስሩን ሰፌድ ይዛ ቀረች። ያን ሁሉ ዘመን የሸመነችው ጨርቅ ከጫፉ ሲተረተር ታያት። በሩ የተዘጋው ከፍቅሩ በፊት ነው። የተዘጋውም ለእሷ ሲባል ነው። ታዲያ ለምን አልነገራትም?

የሐሳቧን ሰምታ ይመስል ወርቅውሃ ቀጠለች። «እኔ ነኝ ያስማልኩት። ሲሄድ ተከትዬው ወጣሁና ‹ቀርባ ተተወች እንዳይሉኝ፤ እዚሁ አገር ነው የምኖረው፤ ለማንም እንዳትናገር› አልኩት። ‹ለማንም› አለኝ። ላንቺም ማለቱን አላወቅሁም።»

«ማለቱ ኖሯል።»

«ሠርግሽ ላይ መጥቼ ነበር እኮ።»

«አንቺ?»

«ሙሽራ ማንን ታያለች? ጥቁር ልብሴን እንደለበስኩ ከዳሱ ጥግ ቆሜ አየሁሽ። ምን ዓይነት ውብ ብትሆን ነው እያልኩ ነበር መንገዱን ሁሉ። ሳይሽ አፍንጫሽ ሰፊ ነው።»

«አፍንጫዬ?»

«ሰፊ ነው። እንዴት ደስ አለኝ መሰለሽ! እስከ አምባ ጊዮርጊስ ደስ እንዳለኝ ገባሁ። ማታ ነው ያለቀስኩ።»

ሸዋረጋ ሳቅ አመለጣት። ወርቅውሃም ሳቀች፤ የታሰረ ዓይኗን በመዳፏ ደግፋ፣ እንዳይጎዳ እየተጠነቀቀች። ሳቁ ሲያልቅ ግን ሸዋረጋ ቅናቷ ቦታውን ቀየረ እንጂ እንዳልሄደ ተሰማት። ከእንግዲህ ስለ ባሏ ልብ አትጠራጠርም። የቀናችው በሌላ ነገር ነው። በአቧራ የነጣ የሃያ አምስት ዓመት ልጅ፣ የጓደኛውን የመጨረሻ ቃል ሳያሳምር የተናገረበት፣ እሷንም ስሟን ሳይጠራ የመረጠበት ያ ቀን አለ። ያን ቀን ያየችው፣ ያንን ድምፅ የሰማችው ወርቅውሃ ናት። ለሸዋረጋ የደረሳት በሩ ላይ ቆሞ «ጊዜ የለኝም» ሲል ብቻ ነው።

ዳኛው ለምሳ ሲገባ ሁለቱም ቀና ብለው አዩት።

«ምነው? ምን ሆናችኋል?»

«ምንም» አለች ሸዋረጋ። ቆማ አየችው። የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለችለት። ዳኛው ግራ ገብቶት ወርቅውሃን አየ፤ ወርቅውሃ ወደ ግቢው ዞረች።

«ምን አደረግሁ?»

«ምንም አላደረግህም አልኩህ። ታጠብና ና።»

ሐኪሙ ዓይኑ ሸጋ ሆኖ ድኗል ብሎ ጨርቁን አነሳ፤ ለሌላው ደግሞ ቀጠሮ ሰጠ። ወርቅውሃ ወደ ቤቷ ልትመለስ ጓዟን ሰበሰበች። ዳኛው ላደርሳት ብሎ ኮቱን ሲለብስ፣ ሸዋረጋ ጫማዋን አድርጋ፣ ቦርሳዋን አንግታ ከመኝታ ቤት ወጣች።

«አንቺ ወዴት ነሽ?»

«አምባ ጊዮርጊስ። እኔ ነኝ የማደርሳት።»

«አንቺ? አምባ ጊዮርጊስ ረግጠሽ ታውቂያለሽ?»

«ስላልረገጥኩ ነው የምሄደው። ያቺን ቤት ማየት እፈልጋለሁ። ከሷ ጋር ሁለት ቀን አድሬ እመለሳለሁ።»

«እንግዲያው ሦስታችንም እንሂድ።»

«አንተ ብዙ ሄደሃል። ይብቃህ። ምስሩ ድስት ውስጥ አለ።»

ወርቅውሃ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ዳኛው አንዷን ሲያይ፣ ሌላዋን ሲያይ ቆየና የወርቅውሃን ዘንቢል አንስቶ ቀደመ።

መናኸሪያው ጭስና ጩኸት ነው። ረዳቱ «አምባ ጊዮርጊስ፣ ዳባት፣ ደባርቅ!» እያለ የሚኒባሱን ጎን ይደበድባል። ሾፌሩ የዳኛው የቀድሞ ተማሪ ኖሮ «ሻምበል! መስታወቱን እያየሁ ነው!» ብሎ ተሳለቀበት። ዳኛው ግን ዛሬ አልሳቀም፤ በመስኮቱ አንገቱን አስገብቶ «ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጡ። መስኮቱን ዝጉት፣ ዓይኗ አቧራ እንዳያገኘው። ስትደርሱ ደውይልኝ» አለ።

«እሺ። ሂድ አሁን» አለችው ሸዋረጋ።

አልሄደም። መኪናው ወደ ኋላ ተነስቶ ወደ በሩ ሲዞር እዚያው ቆሞ እጁን አነሳ። ሸዋረጋ ለማን እንዳነሳው ልታውቅ ፈጥና ወደ ጎኗ ዞረች። ወርቅውሃ በአዲሱ ዓይኗ በወዲያኛው መስኮት ቆርቆሮውን፣ ባጃጁን፣ ሰዉን ታያለች፤ ዳኛውን አላየችውም። ሸዋረጋ መስኮቱን ከፈተች፣ ክንዷን እስከ ትከሻዋ አወጣችና መለሰችለት።